ግምገማና ፍርድ፤ ስለ ነርሶች የመከላከል መብት በሐይቅና በአምባሰል

ግምገማ የሚባለው ልማድ በትጥቅ ትግል ዘመን ሕወሓት በታጋዮቹ መካከል ይሠራበት የነበረ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የገባ ነው። ሠራተኛው በባልደረቦቹ ፊት ስለ ሥራው ይጠየቃል፤ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፤ ሌሎቹም ይተቹታል። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም ከዚህ ውጭ አልሆኑም። እዚህ ላይ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ነርስ በባልደረቦቿ ስትገመገም ስብሰባው ትምህርት ነው ወይስ ፍርድ የሚለው ነው።

ትምህርት ከሆነ ጥቅሙን የሚክድ የለም። አገራችን በ2005 ዓ.ም. የጀመረችው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት ባለሙያዎች የሞቷን ምክንያት ይመረምራሉ፤ መመሪያቸውም ስም አለመጥራትና ጥፋተኛ አለመፈለግ ነው። የዘገየችው ከቤቷ ሳትወጣ ይሁን፣ በመንገድ ይሁን፣ ወይስ ጤና ጣቢያ ከደረሰች በኋላ፣ ይህን ለማወቅ በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ ያየችውን ሳትፈራ መናገር አለባት።

ችግሩ የሚመጣው ያው ስብሰባ በዚያው ሰብሳቢ ወደ ቅጣት ሲዞር ነው። ያን ጊዜ በራስ ላይ ሂስ ማድረግ በራስ ላይ መመስከር ይሆናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱን በጽሑፍ እንዲያገኝና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ደንግጓል። አንቀጹ የተጻፈው ለወንጀል ክስ ነው፤ ነገር ግን እንጀራዋንና ስሟን ልታጣ የቀረበች ነርስ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃታል የሚያሰኝ ምክንያት አይታየኝም። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የወጣው ደንብ ቁጥር 77/1994ም የዲሲፕሊን ክስ በጽሑፍ ደርሶት ሠራተኛው መልሱንና ማስረጃውን የሚያቀርብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የሐይቅና የአምባሰል ነርሶች በክልሉ ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆኑም ምሳሌነቱ ለእነርሱም ይሠራል።

ጉዳዩ በእነዚህ አካባቢዎች ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶች ጥቂት ናቸው። ገምጋሚዋ የተገምጋሚዋ የአዳር ተለዋጭ፣ የዕድገት ተወዳዳሪ፣ ምናልባትም የዕድር ጓደኛ ናት። በስብሰባ የተነገረው ቃል በገበያ ቀን ሐይቅ ወይም ውጫሌ ይሰማል። ከመካከላቸው ገለልተኛ ዳኛ ከየት ይገኛል?

አንዳንዶች «ግምገማ ከሽምግልናችን አይለይም» ይላሉ። ይህ አባባል ትክክል አይመስለኝም። የወሎ አበጋር ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ ነገር አይቆርጥም፤ ራሱም ከሳሽ ሆኖ አይቀርብም። ሌሎች ደግሞ «ክስ እስኪጻፍ በሽተኛ ይጎዳል» ይላሉ። ይህ ሥጋት ተገቢ ነው። ዳሩ ግን አደጋ የሚያሠጋ ከሆነ ነርሷን ለጊዜው ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ይቻላል፤ ጥፋተኛ ናት ማለት ግን ከተሰማች በኋላ መሆን አለበት። በአሜሪካ የቴክሳስ ሕግ ነርስ በባልደረቦቿ ኮሚቴ ስትመረመር አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገራት ያዛል።

ስለዚህ መማማሪያው ስብሰባና የዲሲፕሊኑ ጉዳይ እንዲለያዩ፣ በመጀመሪያው የተነገረው በሁለተኛው ማስረጃ እንዳይሆን፣ ክሱ በጽሑፍ ደርሷት ለመልስ በቂ ቀን እንዲሰጣት፣ መርማሪውም ሐይቅ ለሆነ ጉዳይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከደሴ፣ ወይም ከሌላ ወረዳ እንዲመጣ ያስፈልጋል። ይግባኝም ይኑራት። ይህ ካልሆነ ነርሶቹ ዝምታን ይለምዳሉ፤ የእናቲቱም ሞት ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል።