«ሙሌት»፣ «ሙላት» እና «ሙሉ»፦ በግድብ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ «ሙሌት» የሚለው ቃል ከመሐንዲሶች አልፎ የሕዝብ ቃል ሆኗል። አበጃጀቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ከዚያው ሥር የወጣው ነባሩ «ሙላት» የወንዝን መጥለቅለቅ ስለሚያመለክት፣ ሰው የሚያከናውነውን «ሙሌት» ዝናብ ከሚያመጣው «ሙላት» መለየቱም ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው «ሙሉ» ላይ ነው።

በአማርኛ የሞላ ዕቃ ቢጨመርበት ይፈሳል። በግድብ ሥራ ግን «ሙሉ» ማለት ውሃው ለመጠጥ፣ ለመስኖ ወይም ለኃይል እንዲያዝ ከተወሰነለት ከፍታ ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ለጎርፍ የተተወ ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላል። በአውስትራሊያ ከብሪዝበን ከተማ በላይ ያለው የዋይቨንሆ ግድብ ለዚህ አብነት ይሆናል። በጥር 2003 ዓ.ም. ጎርፍ በመጣ ጊዜ፣ ለአቅርቦት ከተመደበው 1.165 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ለጎርፍ የተተወ 1.45 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ቦታ ነበረው፤ የያዘውም ውሃ 190 ከመቶ ገደማ ደረሰ። ይህን «ግድቡ 190 ከመቶ ሞላ» ብሎ መተርጐም አንባቢን ግራ ያጋባል። ከግድቡ በታች የሚኖር ሰው ደግሞ «ሞላ» ሲባል ያለጊዜው ይሸሻል፤ እውነተኛው አደጋ ሲነገረው ግን አያምንም።

«ጎርፍ መከላከያ» የሚለውም እርማት ይሻል። «ተከላከለ» ፈጽሞ ማገድን ያሰማል፤ ግድብ ግን ጎርፉን ተቀብሎ ያቆያል፣ በበሮቹም በልክ ይለቃል። ቀድሞ ቢለቅ የታችኛውን አገር ያጥለቀልቃል፤ ቢዘገይ ማቆያው ቦታ ያልቅና በኋላ አብዝቶ ለመልቀቅ ይገደዳል። ዋይቨንሆም ጎርፉን ቢቀንስም ብሪዝበንን ከመጥለቅለቅ አላዳነም፤ ሎክየርና ብሬመር የተባሉት ወንዞች ዋናውን ወንዝ የሚቀላቀሉት ከግድቡ በታች ነውና።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ከፍታ «የአገልግሎት ከፍታ»፣ ከእርሱ በላይ ላለው ቦታ «የጎርፍ ማቆያ»፣ በ«መከላከያ» ፈንታም «ማርገቢያ» እንዲባል እናሳስባለን። በበር መልቀቅ «ማስተንፈስ» ይባል፤ «መደርመስ» ለግድቡ መፍረስ ብቻ ይጠበቅ። «ግድቡ ተለቀቀ» የሚለው አነጋገር ግን ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሊወጣ ይገባል፤ ውሃው በበር መለቀቁን ይሁን ግድቡ መደርመሱን አይለይምና።