ጾታ፣ የሰውነት መከላከያና የአእምሮ ጤና፦ ሂሳዊ አስተያየት

ድባቴ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍ ገደማ እንደሚያጠቃ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የመከላከያ ኃይል ጠላቱን ትቶ የገዛ ሰውነቱን በሚወጋባቸው በሽታዎች የሚሠቃዩትም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሉፐስ ከሚይዛቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። ሁለቱን እውነታዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ሴት የምትተክዘው መከላከያዋ ስለሚበረታ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይቸኩላል። በእኛ አስተያየት ማስረጃው የሚለው ይህን አይደለም።

የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙትን ሙከራ እንመልከት። ከ115 ጤነኛ ሰዎች ከፊሎቹ ከባክቴሪያ የተገኘ ጥቂት መርዝ፣ የቀሩት ደግሞ መርዝ የሌለበት ፈሳሽ ተወጉ። መርዙ በወንዶቹም በሴቶቹም ደም የብግነት ምልክቶችን ከፍ አደረገ፤ የሁለቱም መንፈስ ዝቅ አለ። ልዩነቱ የታየው ሌላ ቦታ ነው፦ ከሰው የመነጠል ስሜት በሴቶቹ ላይ ይበልጥ በረታ፤ የብግነቱ መጠን ከዚህ ስሜት ጋር አብሮ የጨመረውም በሴቶቹ ዘንድ ብቻ ነበር። (ስደተኛ ይህን ስሜት ለማወቅ መርፌ አያሻውም።) እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መከላከያው ምን ያህል ይበረታል የሚለው ሳይሆን፣ መልእክቱ አንጎል ሲደርስ በማን ዘንድ ምን ተብሎ ይተረጎማል የሚለው ነው። ትርጉሙ ደግሞ ከሆርሞንም ከኑሮም ሊቀዳ ይችላል።

ሳይንሱ ለዚህ ጥያቄ የተሰናዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተሙ የነርቭ ሳይንስ ጥናቶች ሲመረመሩ፣ በሴቴ እንስሳት ብቻ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ጥናት በወንዴ ብቻ የተሠሩ 5.5 ያህል ተገኝተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጾታ በእንስሳት ጥናትም እንዲመዘን መጠየቅ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

የቆጠራው ነገር በአገራችንም ያሳስበናል። በቡታጅራ፣ በደረጀ ከበደና በአታላይ ዓለም ግንባር ቀደም ተሳትፎ፣ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው መካከል ከአምስቱ አራቱ ወንዶች ሆነው ተገኙ። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ የሰፋ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ሴቶቹን ተፈጥሮ ጠብቋቸው ነው? ወይስ ሕመማቸው ዛር ተብሎ፣ ጓዳ ተዘግቶበት ቀረ? የደም ምርመራ ብቻውን ይህን አይመልስም።

ወደ ፎርት ዎርዝ እንምጣ፤ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት አካባቢ። በዚያ የሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ማዕከል የአንጎልን እርጅና የሚከታተል ሰፊ ጥናት ያካሂዳል። የተሳታፊዎቹን ደም ይመረምራል፤ ስለ ድባቴም ይጠይቃል። ጥቁሮችን፣ የሜክሲኮ ተወላጆችንና ነጮችን ማነጻጸሩ የሚመሰገን ነው፤ ቀድሞ የሚጠኑት በአብዛኛው ነጮች ነበሩና። ሆኖም የጥናቱ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ናቸው። ኢትዮጵያዊት እናት ብትሳተፍ በጥቁሮች መደብ ትመዘገባለች፤ እንግሊዝኛ የማትችል ከሆነ ከነጭራሹ አትገባም። ብትገባም፣ የሎስ አንጀለሱ ሙከራ በሴቶች ላይ ነጥሎ ያገኘውን ያንኑ ስሜት እርሷ በአፏ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ነው የምትለው፤ መጠይቁ ለዚህ ያዘጋጀው ሣጥን የለም።