የኦቲስ ሬዲንግ ዝና በሚዛን ሲታይ

ኦቲስ ሬዲንግ ከአሜሪካ የሶል ሙዚቃ ድምፃውያን መካከል ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ ጥቂቶች አንዱ ነው። በሜምፊሱ ስታክስ ኩባንያ የመጀመሪያ ሸክላውን ከቀረጸበት ከ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንሥቶ በአውሮፕላን አደጋ እስከሞተበት እስከ ዲሴምበር 1967 ድረስ የሠራው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ሲሞት 26 ዓመቱ ነበር። በ1989 በሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ፤ በ1999 ደግሞ የግራሚ የዕድሜ ልክ ሽልማት ተሰጠው። በሕይወት ሳለ ግን አንድም ዘፈኑ በአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ ከ21ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም፤ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥም አንደኛ ሆኖ አያውቅም። በሕይወቱ ባገኘውና ከሞቱ በኋላ በተሰጠው ደረጃ መካከል ያለው ይህ ሰፊ ልዩነት አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ዝናው የሥራው ፍሬ ነው ወይስ የአሟሟቱ?

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት በዝናው ላይ የሚቀርቡትን ሦስት ዋና ዋና ተቃውሞዎች በየተራ መመርመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ድምፁን፣ ሁለተኛው የፈጠራ አቅሙን፣ ሦስተኛው ዝናው የተገነባበትን መንገድ ይመለከታል። ከዚያ በፊት ግን ሰውዬው ከየት እንደተነሣ ማየት ይገባል።

መነሻው

ሬዲንግ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በጆርጂያ ግዛት፣ ዶውሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በሜከን ነው። አባቱ ሰባኪ ስለነበሩ ድምፁን ያሟሸው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። ቤተሰቡን ለመርዳት ትምህርቱን አቋርጦ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ በነዳጅ ማደያም ሠርቷል። ሜከን የድምፃዊው የሊትል ሪቻርድም ከተማ ናት፤ ወጣቱ ሬዲንግ በተሰጥኦ ውድድሮች ላይ ሲያሸንፍ የኖረው የሪቻርድን ዘፈኖች እየዘፈነ ነው።

በኦክቶበር 1962 ጊታር ተጫዋቹን ጆኒ ጄንኪንስን በመኪና ይዞ በሜምፊስ ወደሚገኘው የስታክስ ስቱዲዮ ሄደ። ቀጠሮው የጄንኪንስ ነበር። የጄንኪንስ ቀረጻ እንደታሰበው ሳይሆን ቀርቶ ጊዜ ሲተርፍ ለሾፌሩ ዕድል ተሰጠው፤ በዚያው ቀን «ዚዝ አርምስ ኦቭ ማይን» የተሰኘውን የራሱን ድርሰት ቀረጸ። ስታክስን የመሠረቱት ጂም ስቱዋርትና እኅቱ ኤስቴል አክስተን ሲሆኑ፣ ስቱዲዮው በማክለሞር ጎዳና የነበረ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነው። በኦርጋን ቡከር ቲ ጆንስ፣ በጊታር ስቲቭ ክሮፐር፣ በቤዝ ዳክ ደን፣ በድራም አል ጃክሰን የተሰለፉበት የቤቱ ባንድ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞችን አጣምሮ ይሠራ ነበር። የዘር መለያየት ገና ባልተወገደበት በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ይህ ብርቅ ነገር ነበር። የሬዲንግን ሥራ ከዚህ ባንድ ነጥሎ መመዘን አይቻልም።

የድምፁ ጉዳይ

የመጀመሪያው ተቃውሞ ድምፁን የሚመለከት ነው። የሬዲንግ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ከፍታውና ዝቅታውም ሰፊ አይደለም። እንደ ሳም ኩክ አንድን ድምፅ በልስላሴ አያንቆረቁርም፤ ቃላቱም እንደ ኩክ ጥርት ብለው አይሰሙም። እንደ አሬታ ፍራንክሊን ከታች ተነሥቶ ያለ ድካም ወደ ላይ አይመነጠቅም። በተጨማሪም በፈጣን ዘፈኖቹ ማብቂያ ላይ አንድን ቃል እየቆራረጠ ደጋግሞ የመጥራት ልማድ ስላለው፣ ብዙ ዘፈኖቹ በተከታታይ ሲደመጡ መጨረሻቸው ይመሳሰላል። በ1964 በወጣው «ፔይን ኢን ማይ ሃርት» አልበም ላይ የሊትል ሪቻርድን «ሉሲል»ንና የሳም ኩክን «ዩ ሴንድ ሚ»ን ሲዘፍን ከባለቤቶቹ ጥላ አልወጣም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የድምፅ ስፋት ከዘፋኝ መመዘኛዎች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የሬዲንግ ዋነኛ ችሎታ ጊዜን በመጠቀም ላይ ነው፤ ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይቶ ወይም ቀደም አድርጎ የሚያስቀምጥበት ስሜት ከዘመኑ ድምፃውያን መካከል ይለየዋል። ከድምፃዊው ከጄሪ በትለር ጋር የደረሰውና በ1965 የወጣው «አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ ቱ ሎንግ» ለዚህ ምስክር ነው። ዘፈኑ በጣም ዝግተኛ ነው፤ ምቱ ሦስት ሦስት እየተቆጠረ ይሄዳል። ሬዲንግ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ጎትቶ ያመጣቸዋል፤ በሐረጎቹ መካከልም ረጅም ዝምታ ይተዋል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያንን ክፍተት ደረጃ በደረጃ እየወጡ ይሞሉታል። አድማጩ የሚጨነቀው ድምፃዊው ስለጮኸ ሳይሆን፣ የሚቀጥለው ቃል መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ሻካራው ድምፅ በዚህ አሠራር ውስጥ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ ይሆናል፤ ጥቂት ጉልበት ሲጨመርበት ወዲያው ስለሚሰነጠቅ ትንሿ ለውጥ እንኳ ትሰማለች።

የፈጠራው ጉዳይ

ሁለተኛው ተቃውሞ ሬዲንግ በሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ላይ የቆመ ነው የሚል ነው። በዋና ሥራነት የሚጠቀሰውና አብዛኛው ክፍል በጁላይ 1965 በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ የተቀረጸው «ኦቲስ ብሉ» ከያዛቸው 11 ዘፈኖች ውስጥ የእርሱ ድርሰት ያለባቸው ሦስት ብቻ ናቸው። ሌሎች ሦስቱ ከጥቂት ወራት በፊት የሞተው የሳም ኩክ ናቸው። ከራሱ ድርሰቶች ትልቁ የሆነው «ሪስፔክት» ደግሞ በ1967 በአሬታ ፍራንክሊን ተዘፍኖ በፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን፣ የእርሱ ቅጂ በ35ኛ ደረጃ ላይ ቀርቶ ነበር።

በ«ሪስፔክት» ላይ ፍርዱ ለአሬታ ነው። የሬዲንግ ቅጂ ደክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባወራ ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጉልበት ይጋልባል። አሬታ ተናጋሪዋን ሴት አደረገቻት፤ የእኅቶቿን ድምፅ በአጃቢነት፣ የኪንግ ከርቲስን ሳክስፎን በመሐል ጨመረችበት፤ ቃሉን ፊደል በፊደል የምትቆጥርበትን ክፍልም አስገባች። በዚህም ዘፈኑ የባልና ሚስት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሴቶችና የጥቁሮች የክብር ጥያቄ ሆነ። ይሁን እንጂ የሌላ ዘፋኝ የበለጠ ቅጂ የደራሲውን ድርሻ አይፍቅም፤ አሬታ የገነባችበትን መሠረት የጣለው ሬዲንግ ነው።

የሌሎችን ዘፈን ወስዶ የመሥራት ችሎታው ደግሞ በ«ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» ይለካል። ይህ በ1932 የተደረሰ ለስላሳ የኦርኬስትራ ዘፈን ነው። ቢንግ ክሮዝቢ ዘፍኖታል፤ ከሬዲንግ በፊት አሬታም ሳም ኩክም ተጫውተውታል። የ1966ቱ የስታክስ ቅጂ የሚጀምረው የትንፋሽ መሣሪያዎች በሚያሰሙት አጭር የኀዘን ዜማ ነው። ከዚያ ሬዲንግ ያለ ድራም ማለት ይቻላል፣ በለሆሳስ ይገባል። ቀጥሎ አል ጃክሰን የድራሙን ጠርዝ በበትር እየነካ እንደ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የዘፈኑ ፍጥነት ገና አልተለወጠም፤ አድማጩ ግን አንድ ነገር እየመጣ መሆኑን ያውቃል። ኦርጋኑ፣ ጊታሩና ቤዙ ተራ በተራ ይጠነክራሉ፤ ዜማው ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ይወጣል፤ በመጨረሻም አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ በሹክሹክታ የተጀመረው ዘፈን በሙሉ ባንድ ጩኸት ይፈነዳል። በቅንብሩ ውስጥ የሙዚቀኛው የአይዛክ ሄይስም እጅ አለበት። ቢሆንም ጉልበቱን ቆጥቦ መቼ ምን ያህል እንደሚለቅ የወሰነው ድምፃዊው ነው። ከዚህ ቅጂ በኋላ ዘፈኑን የሚያነሣ ሁሉ የሚያስታውሰው ሬዲንግን እንጂ ክሮዝቢን አይደለም።

የትንፋሽ መሣሪያዎች አጠቃቀሙም በፈጠራነት ሊቆጠርለት ይገባል። ሬዲንግ ኖታ አይጽፍም ነበር፤ ትረምፔትና ሳክስፎኖቹ የሚጫወቱትን ሐረግ በአፉ እያዜመ ያስጠናቸው ነበር። በዘመኑ ብዙ የሶል ሸክላዎች አጃቢ ድምፃውያንን ሲጠቀሙ፣ በእርሱ ሸክላዎች ላይ የአጃቢውን ቦታ የያዙት እነዚህ መሣሪያዎች ናቸው። በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ሲናገር ምእመናኑ እንደሚመልሱለት፣ በሬዲንግ ዘፈን ውስጥም መላሾቹ ትረምፔትና ሳክስፎን ናቸው። የሮሊንግ ስቶንስን «ሳቲስፋክሽን» ሲዘፍንም የታወቀውን የጊታር ሐረግ አንሥቶ ለእነርሱ ሰጥቷቸዋል።

ሞትና የዝና አገነባብ

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ዲሴምበር 10 ቀን 1967 ሬዲንግን የያዘች አነስተኛ አውሮፕላን በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን አጠገብ በሞኖና ሐይቅ ወደቀች፤ ከእርሱ ጋር ከባር ኬይስ ባንድ አራት አባላትም ሞቱ። ከአደጋው የተረፈው ትረምፔት ተጫዋቹ ቤን ኮሊ ብቻ ነው። ሬዲንግ ከቀናት በፊት ያጠናቀቀው «ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ» በጃንዋሪ 1968 ወጥቶ አንደኛ ሆነ፤ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ዘፋኙ ከሞተ በኋላ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ዘፈንም እርሱ ነው። ሁለት ግራሚም አሸነፈ። በጁን 1967 በሞንትሬይ ፌስቲቫል ያቀረበው ዝግጅት ደግሞ በፊልም በመቀረጹ በነጭ የሮክ አድማጮች ዘንድ ምስሉ ለዘለቄታው ተተከለ።

ይህን ዕድል ያላገኙ ድምፃውያን ብዙ ናቸው። «ዛትስ ሃው ስትሮንግ ማይ ላቭ ኢዝ»ን በ1964 መጀመሪያ የቀረጸው ኦ ቪ ራይት ነው፤ ሬዲንግ ወዲያው ተከትሎ ስለዘፈነው ዛሬ አብዛኛው ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው በሬዲንግ ነው። እዚያው ሜምፊስ የነበረው ጄምስ ካር በ«ዘ ዳርክ ኤንድ ኦቭ ዘ ስትሪት» ያሳየው ጥልቀት ከሬዲንግ ምርጥ ሥራዎች አያንስም። ሁለቱም ይቀርጹ የነበረው ለትንሽ አሳታሚ ነበር፤ የሬዲንግ ሸክላዎች ግን በትልቁ በአትላንቲክ ኩባንያ በኩል ሲሠራጩና በየጊዜው ሲታተሙ ኖረዋል። የዝና ልዩነት የችሎታ ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ ይህ በግልጽ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ዝናውን ሞቱ ፈጠረው ማለት ከቀኖቹ ቅደም ተከተል ጋር አይገጥምም። ሬዲንግ በ1966 በሎስ አንጀለስ ዊስኪ ኤ ጎ ጎ የምሽት ክበብ ነጭ አድማጮችን ማርኮ ነበር። በ1967 ጸደይ ከስታክስ ቡድን ጋር አውሮፓን ዞረ። በዚያው ዓመት፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ የእንግሊዙ የሙዚቃ ጋዜጣ ሜሎዲ ሜከር አንባቢዎች ለዓመታት አንደኛ የነበረውን ኤልቪስ ፕሪስሊን አውርደው ሬዲንግን የዓለም ምርጥ ወንድ ድምፃዊ አሉት። ሞቱ ያደረገው፣ ቀድሞ የተጀመረውን ዕድገት ማፋጠንና ከትችት መከለል ነው።

«ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ»ም ቢሆን በኀዘኔታ ብቻ የተገዛ ዘፈን አይደለም። ሬዲንግ በ1967 መገባደጃ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና አድርጎ ለሳምንታት አልዘፈነም። ወደ ስቱዲዮ ሲመለስ ከስቲቭ ክሮፐር ጋር ያጠናቀቀው ይህ ዘፈን ጩኸት የለበትም፤ የተለመደው ማብቂያም የለበትም፤ በቦታው ያለው ፉጨት ነው። ድምፁ ጠባብ ነው የሚለው ወቀሳ እዚህ ላይ ከፊል መልስ ያገኛል፤ ዘፋኙ የታወቀበትን መሣሪያ ሁሉ አስቀምጦ በለሰለሰ ድምፅ ብቻ ዘፈኑን መሸከም ችሏል። ከዚያ ወዴት ሊሄድ ይችል ነበር የሚለው ግን ግምት ነውና ለዝናው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

አጉል ምስጋና

ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ ሬዲንግን የበደሉት አንዳንድ አድናቂዎቹ ናቸው። በእነርሱ አገላለጽ ሬዲንግ ያልተገራ ስሜት ነው፤ ከልቡ የሚፈስሰውን ሳያስብ የሚያፈስስ ሰው ነው። ይህ ምስጋና ጥቁር አርቲስት ይሰማዋል እንጂ አያስብም ከሚለው አሮጌ ጭፍን አመለካከት የራቀ አይደለም። እውነታው ሌላ ነው። ሬዲንግ ዘፈን ይደርስ ነበር፤ የመሣሪያ ሐረጎችን ያቀናብር ነበር፤ በድርሰት መብት አሳታሚነት ድርሻ ነበረው፤ ጆቲስ የተባለ የራሱን የሸክላ ማኅተምም አቋቁሞ ሌሎችን ያሳድግ ነበር። በ«ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» የሚሰማው ፍንዳታ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ በየመድረኩ፣ በየምሽቱ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ሊደገም ባልቻለ ነበር። ያ የሚገኘው በልምምድና በስሌት ነው።

ማጠቃለያ

ሦስቱ ተቃውሞዎች ሲመዘኑ የሬዲንግን ዝና ይገድቡታል እንጂ አይጥሉትም። የመጀመሪያ አልበሞቹ ያልተመጣጠኑ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላ ከ1968 እስከ 1970 ከወጡት ውስጥም እኩል የማይጠነክሩ ዘፈኖች አሉ። የሶል ሙዚቃ ታላቁ ድምፃዊ የሚለው ማዕረግ አይገባውም፤ በድምፅ ስፋት፣ በዘመን ርዝመትና በሥራ ብዛት ያ ቦታ የአሬታ ፍራንክሊን ነው። ኦ ቪ ራይትና ጄምስ ካርም ከጥላው ወጥተው በራሳቸው ሊደመጡ ይገባል። ሬዲንግ ግን ጊዜን፣ ዝምታንና የትንፋሽ መሣሪያን ይዞ ዘፈንን በመገንባት ከዘመኑ የሚስተካከለው እምብዛም አልነበረም፤ ይህንንም ያስመሰከረው በሕይወት ሳለ ነው። ዝናው ይገባዋል፤ የሚገባው ግን ስለ አሟሟቱ ወይም ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ ሙያው ነው።