ናሙናው የማን ነው? መቼስ ተወሰደ?

የላቦራቶሪ መረጃ ማስተዳደሪያ ሥርዓት፣ በእኛ አጠራር ሊምስ፣ ለመዘርጋት ስብሰባ ሲጠራ ንግግሩ ቶሎ ወደ ሰርቨርና ወደ ዋጋ ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን የሥርዓቱ ዕጣ የሚወሰነው ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ነው። ሊምስ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ደም የማን እንደሆነና መቼ እንደተወሰደ በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት። ይህ ከተሳተ ከውድ ማሽን የወጣ ትክክለኛ ቁጥርም የማይገባ መድኃኒት ያሳዝዛል።

ስለዚህ እቅድ ስናወጣ ከሐኪሙ ማዘዣ ተነሥተን ውጤቱ ተመልሶ እጁ እስኪገባ ድረስ ናሙናውን በእግር እንከተላለን። ማን ይመዘግበዋል? ባርኮዱ የሚለጠፈው የት ነው? መለጠፍ ያለበት ደሙ ሲወሰድ፣ እዚያው ታካሚው አጠገብ ነው። ቱቦዎች ተሰብስበው ላቦራቶሪ ከደረሱ በኋላ ከተለጠፈ የተቀያየረውን ናሙና ማንም አይለየውም።

ከውጭ የሚመጡ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሰው ያለው ግን የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። «ኃይሉ» ዛሬ በዚህ ፊደል፣ ነገ «ሀይሉ» ተብሎ ይጻፋል። ፍለጋው ሁለቱን አንድ አድርጎ ካላገኘ ለአንድ ሰው ሁለት መዝገብ ይከፈታል። ያኔ የዛሬው ክሬአቲኒን ካለፈው ጋር ሳይነጻጸር ያልፋል፤ ኩላሊቱ እየደከመ የመጣው ሰው እንደ አዲስ ታካሚ ይታያል። መለያው የማይደገም የካርድ ቁጥር ይሁን፤ ስምና ዕድሜ ደግሞ ማረጋገጫ ይሁኑ።

ይበልጥ የምጠነቀቀው ለቀን ነው። ማሽኖቹ የሚሠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን እናት የልጇን ልደት የምትናገረው በእኛው ነው። ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ፣ ቀኑ ሳይቀየር ከገባ የሳምንት ጨቅላ በሥርዓቱ ውስጥ ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ ይሆናል። ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር 13 ግራም ቢሆን ለትልቁ ልጅ ጤናማ ነው፤ ለጨቅላው ግን ዝቅተኛ ነው። ሥርዓቱ የተሳሳተውን ዕድሜ አምኖ ዝም ይላል። ቅየራው በጸሐፊው የቃል ስሌት መሠራት የለበትም። ሶፍትዌሩ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀብሎ፣ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ጨምሮ፣ ራሱ ይቀይረው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከተኛ ታካሚ የተወሰደ ደም «8፡00» ተብሎ ቢመዘገብ ኮምፒውተሩ የሚረዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ነው፤ 6 ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ሴረሙ ወይም ፕላዝማው ሳይለይ በክፍሉ ሙቀት የቆየ ደም ውስጥ ግሉኮስ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ያረጀው ናሙና ትኩስ መስሎ ያልፋል፣ የስኳር ታካሚውም ውጤት ዝቅ ብሎ ይነበባል። ባርኮዱ ታካሚው አጠገብ ሲነበብ ሰዓቱን ሥርዓቱ ራሱ ቢመዘግብ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ማሽኖችን ማገናኘት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በየምርመራው ዓይነት የማሽኑን ስክሪን፣ ሊምሱንና ለሐኪሙ የሚደርሰውን ሪፖርት ጎን ለጎን አድርገን እናመሳክራለን፤ የመለኪያ አሃዱም አይቀርም። ግሉኮስ በሚሊሞልና በሚሊግራም ሲጻፍ ቁጥሩ በ18 እጥፍ ይለያያልና። በ2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታደሰው የሕክምና ላቦራቶሪዎች ደረጃ፣ አይኤስኦ 15189፣ ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲረጋገጥ፣ ሲቋረጥ የሚሠራበትም እቅድ እንዲኖር ያዛል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ የወረቀት ላይ ግዴታ ብቻ አይደለም። ቁጥር የታተመበት ቅጽ በየክፍሉ ይቀመጥ፤ መብራት ሲመጣ ማን እንደሚያስገባው፣ ማን እንደሚያመሳክረውም ቀድሞ ይወሰን።

ሊምስ ለማስገባት የምታስቡ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ደም የሚወስዱትን፣ ናሙና የሚቀበሉትንና የሌሊት ተረኞቹን ከእቅድ ጠረጴዛው አስቀምጧቸው። ሻጩ ሶፍትዌሩን ሲያሳያችሁም የጳጉሜን ልደትና የሌሊት 8 ሰዓት ናሙና እፊታችሁ እንዲመዘግብ ጠይቁት። ይህን በትክክል ያልመዘገበ ሥርዓት ለእናንተ ላቦራቶሪ ገና አልተዘጋጀም።