የካንቶን ዜማና የመርካቶ ጆሮ

የዱባይ ተራ ነጋዴ የቻይናን ጓንዡ በሸቀጧ ያውቃታል፤ ፈረንጆች ካንቶን ይሏት የነበረችው ይህችው ናት። ነገር ግን ዕቃውን አስጭኖ ማታ የአገሩን የቀድሞ ዜማ ለመስማት ወደ አዳራሽ ቢገባ፥ ከሁለት ፍርድ ባንዱ መውደቁ አይቀርም፤ ወይ «ጩኸት ነው» ይላል፥ ወይ «ይህማ የኛው ትዝታ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ኹለቱም የችኰላ ፍርድ ነው።

ትዝታ ለማለትስ ምክንያት አለ። ዜማው በአብዛኛው ባምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ ጋኦሁ የሚባለውም በጕልበት መካከል ተይዞ በደጋን የሚመታው ባለ ኹለት አውታር መሣሪያ የማሲንቆ ዘመድ ይመስላል። (ዕድሜው ግን ብዙ አይደለም፤ ሊዩ ዌንቸንግ የተባለ ባለሙያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ የሐር አውታሩን በብረት ለውጦ ያወጣው ነው።) ለሐዘን የተመደበው ስልት ሲመጣ ግን ኹለት ድምፆች ከተለመደው ስፍራ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ ያልለመደ ጆሮ ስሕተት ይመስለዋል።

ይህ ኹሉ ቅርፊት ነው፤ ፍሬው በቃሉ ዘንድ ይገኛል። በካንቶን ቋንቋ «ሲ» የሚለው ከፍ ብሎ ቀጥ ሲል ግጥም ነው፤ ከዝቅታ ሲነሣ ገበያ ይኾናል፤ በሌላ አነሣሥ ደግሞ ታሪክ፥ ጊዜ፥ ጕዳይ ይኾናል። ስለዚህ ግጥሙ ቃል በለወጠ ቍጥር ዜማው አብሮት መዞር አለበት፤ ያለዚያ ሰሚው ግጥምን ገበያ አድርጎ ይሰማል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፥ ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ነውና። ለኛ በጥቂት ቃላት የሚያጋጥመው ለነርሱ በየቃሉ ነው።

የካንቶን የመድረክ ዜማ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የሚዜመው ከሰሜን በመጣ የመድረክ ቋንቋ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ወደ አገሩ ቋንቋ ሲመለስ፥ ዜማው ለአዲሱ ቃል መታረም ግድ ኾነበት። ዩኔስኮ በ2009 ከዓለም ቅርስ የቈጠረው ይህንኑ ታርሞ የኖረውን ነው።

ነቀፋ አይታጣበትም፤ እንደ ትሪ ያለው የናስ መሣሪያ ሲበረታ የተደከመበትን ቃል ይሸፍነዋል። የአማርኛ ዘፋኞች ግን በዚህ ሊስቁ አይገባም፤ ዜማ ሲያጣድፋቸው የላላውን ያጠብቃሉ፥ የጠበቀውን ያላላሉ፤ ሰሚውም ከአገባቡ እየተረዳ ያልፋቸዋል።

ቋንቋውን ለማያውቅ የመርካቶ ሰው የቀረበው መንገድ ጋኦሁውን መከተል ነው። መሣሪያው ከዘፋኙ ጎን እየሄደ፥ አንዳንድ ስፍራ እየጨመረ፥ አንዳንድ ስፍራ እየቀነሰ፥ የቃሉን መነሣትና መውደቅ ያሰማዋል።