የተታላዩ ገጽ፤ የገጸ ባሕርይ አሣሣል በሳይበር ደኅንነት ማሠልጠኛ የሚና ጨዋታዎች

በአማርኛ ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል የተጻፉ ሒሳዊ ጥናቶች በአመዛኙ የሚያተኩሩት በልብ ወለድና በተውኔት ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የሥነ ጽሑፋችን ሀብት የሚገኘው እዚያ ነውና። ይሁን እንጂ ሠራተኞችንና ተማሪዎችን ከኮምፒውተር አጭበርባሪዎች እንዲጠነቀቁ የሚያስተምሩ የሚና ጨዋታዎችም ገጸ ባሕርያት አሏቸው፤ የሐያሲ ዓይን ግን እምብዛም አላረፈባቸውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከረው፣ እነዚህ ጨዋታዎች አጥቂውንና ተከላካዩን በጥንቃቄ ሲሥሉ ተታላዩን ገጽ አልባ አድርገው ይተዉታል፣ ይህም ከአሣሣል ጉድለት አልፎ የሥልጠናውን ዓላማ ይጎዳል በማለት ነው።

የሚና ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ከልብ ወለዱ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን ሲፈጥሩ የሚናገረውንም የሚያደርገውንም የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። የጨዋታ ፈጣሪ ግን የሚያቀርበው ግማሽ ሰው ነው፤ ሌላውን ግማሽ ተጫዋቹ እየተናገረና እየወሰነ ይሞላዋል። ልማዱን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። በዚያ ጨዋታ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ በጥንካሬ፣ በቅልጥፍና፣ በጽናት፣ በዕውቀት፣ በጥበብና በግርማ ሞገስ እየተመዘነ ለእያንዳንዱ አሃዝ ይሰጠዋል። ሰውን በቁጥር መለካት ለሥነ ጽሑፍ ሰው ጆሮ ይሻክራል። ነገር ግን ቁመቱ ሎጋ፣ ዐይኑ ጎላ፣ ጥርሱ ፍንጭት እያሉ ባሕርይን በመልክ ዝርዝር የሚጨርሱ ልብ ወለዶቻችንም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ወደ ደኅንነት ጨዋታዎች ስንመጣ፣ በገጸ ባሕርይ ረገድ ተጠቃሹ እ.ኤ.አ. በ2012 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረበው ኮንትሮል-ኦልት-ሃክ የተባለው የካርድ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ የደንበኞችን የኮምፒውተር ሥርዓት በፈቃድ እየሰበሩ ድክመቱን የሚጠቁሙ ባለሙያዎች ናቸው። 16 የሃከር ካርዶች አሉ። ተጫዋቹ በ3 ዳይስ የሚያወጣው ድምር ከገጸ ባሕርዩ የችሎታ አሃዝ እኩል ወይም በታች ከሆነ ተልእኮው ይሳካል። አዘጋጆቹ ሃከር ማለት ኮፍያውን እስከ ዐይኑ ጎትቶ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ወንድ ነው የሚለውን የተለመደ ሥዕል ለመስበር አስበው፣ ሴቶችንም ወንዶችንም፣ መልካቸውና ዝንባሌያቸው የተለያየ ሰዎችን ሥለዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ከችሎታዎቹ አንዱ በሰው ላይ የሚሠራው ማታለል፣ ማኅበራዊ ምሕንድስና የሚባለው ነው። በዚህ ችሎታ የሚሸነፈው ሰው ግን ካርድ የለውም። በዳይስ ከተረታ በኋላ ከታሪኩ ይወጣል።

በ2019 የወጣው ባክዶርስ ኤንድ ብሪችስ ደግሞ ገጸ ባሕርይን ጨርሶ ትቶታል። አንድ መሪ የጥቃቱን 4 ደረጃዎች በድብቅ ይይዛል፤ ተከላካዮቹ ባለ 20 ገጽ ዳይስ እየወረወሩ የምርመራ ካርዶቻቸውን ይሞክራሉ። በዚህ አልወቅሰውም፤ ዓላማው የምርመራን ቅደም ተከተል ማለማመድ ነው።

ለተውኔት ይበልጥ የሚቀርበው፣ ምንም እንኳ የኮምፒውተር ጨዋታ ቢሆን፣ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተሠራው ሳይበርሲጅ ነው። በዚህ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ፍላጎት አላቸው፤ ሥራቸውን ለመሥራት የሚያስፈልጋቸው መረጃ አለ። ተጫዋቹ በጥበቃ ስም በሩን ሁሉ ቢዘጋባቸው ሥራቸው ይስተጓጎላል፤ ድርጅቱም ይከስራል። ፍላጎት ባለበት ግጭት አለ፤ ግጭት ባለበትም ድራማ ይጀመራል። ጉድለቱ የሠራተኛው ታማኝነት መለኪያ ላይ የሠፈረ መጠን ሆኖ መቅረቱ ነው።

ታማኝነት ግን እንዲህ ያለ ቋሚ መጠን አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2020 በትዊተር (ከ2023 ወዲህ ኤክስ በተባለው) ላይ የደረሰውን እንመልከት። አጥቂዎቹ ለኩባንያው ሠራተኞች እየደወሉ ከቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ነን፣ ከቤት ሆናችሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ መረብ ስትገቡ የገጠማችሁን ችግር ልናስተካክል ነው አሉ። ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ ነበር፤ ሠራተኛው ከቤት ይሠራ ነበር፤ የመረቡ ችግርም እውነተኛ ነበር። ከዚያም ትክክለኛውን ወደሚመስል ሐሰተኛ ገጽ መርተው የይለፍ ቃል ተቀበሉ። 130 አካውንቶች የጥቃቱ ዒላማ ሆኑ፤ በታዋቂ ሰዎች ስም በወጡ የማጭበርበሪያ መልእክቶችም ከ118 ሺህ ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ቢትኮይን ተወሰደ። የኒው ዮርክ ግዛት የፋይናንስ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ እንደተገለጸው፣ ጥሪው ከደረሳቸው መካከል ተጠራጥረው ያመለከቱ ነበሩ፤ ያመነም ነበር።

አንድ ዐይነት ቃል ለተለያዩ ሰዎች ተነገረ፤ ውጤቱ ተለያየ። ልዩነቱን «አንዱ ጠንቃቃ፣ ሌላው ግድየለሽ» ብሎ ማለፍ ሰውን በአንድ ቃል መጨረስ ነው። በመቼት ረገድ ሲታይ፣ ሐሰቱ የተጠጋው እውነተኛ ችግር ላይ ነው። ስለዚህ ለተታላዩ ካርድ የሚጽፍ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው በዚያ ጠዋት ምን ሥራ እንደቆመበት፣ ማንን እንደሚፈራ፣ የትኛውን ጥያቄ ቢጠይቅ አላዋቂ እባላለሁ ብሎ እንደሚያፍር ነው። ፎርስተር በ1927 ዝርግና ክብ ብሎ ገጸ ባሕርያትን ሲለይ የክቡ መለኪያ በሚያሳምን መንገድ ማስደነቁ ነው ብሎ ነበር። የሠልጣኙ ሚና ይህን ዕድል ይፈልጋል። አስቀድሞ «ግድየለሽ» ተብሎ የተጻፈ ገጸ ባሕርይ በጨዋታው መካከል ሊነቃ አይችልም፤ የያዘው ሠልጣኝም የሚማረው በተታላዩ መሳቅን ነው። በዚህ የሠለጠነ ሰው በእውን የተታለለ ዕለት አፍሮ ይደብቃል፤ ቶሎ ቢናገር ሊድን የሚችለው ገንዘብና መረጃም በዚያ መካከል ይጠፋል።

አስመስሎ መቅረብ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ (ሮም፣ 1900 ዓ.ም.) ጦቢያ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ አንዲት ልጃገረድም ትወድዳታለች። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የጦቢያ ልብስ ብቻ አይደለም፤ የተታለለችውም ልብ አላት። ከ100 ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣው የሃከር ካርድ ያጣው ይህንኑ ነው።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢዘጋጅ ደግሞ ዳይስ የማይለካው ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም አንተታና አንቱታ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ዓርብ ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለላት እንበል። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ። አሁን በስልክሽ የገባውን ቁጥር ቶሎ ንገሪኝ።» ደዋዩ ስሙን አልተናገረም፤ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ስሙን መጠየቅ ድፍረት መሆኑን ያውቃል። «አንቺ» ባላት ጊዜ እርሷ «እርስዎ» ከማለት ሌላ መንገድ አይታያትም፤ «እርስዎ» ብላ ከጀመረች በኋላ ደግሞ «አልነግርዎትም» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። መመሪያው ቁጥሩን አትስጪ ይላታል፤ በምን ቃል እንደምትከለክል ግን አይነግራትም። ካርዷ ላይ «ጥንቃቄ፦ 9» ብንጽፍ ምን ይረባታል?

ስለዚህ ጨዋታው ሊያለማምዳት የሚገባው ንግግርን ነው። «አቤት ጌታዬ፣ ድምፅዎ እየተቆራረጠብኝ ነው፤ በቢሮዎ ስልክ መልሼ ልደውልልዎ።» አክብሮቱ አልጎደለም፤ ቁጥሩም አልተሰጠም። ደዋዩን የሚጫወተው ሰው በዚህ ጊዜ መቆጣት፣ መለማመጥ፣ ማስፈራራትም ይፈቀድለት፤ እርሷም ሌላ ቃል ትፈልግ። የገንዘብ ያዧን ሚና ለዋናው ሥራ አስኪያጅ መስጠትም ይቻላል። እንደኔ ግምት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እኔ ነኝ» ብሎ የመደወል ልማድ የሚቀረው እርሱ ያችን ወንበር ይዞ ላብ ሲያጠምቀው ነው።