የአንዲት ሐኪም የሕይወት ታሪክ፤ ስለ ዶክተር ቤከር መጽሐፍ የቀረበ አስተያየት

ሴቶች በሕክምና ሙያ ስላበረከቱት አገልግሎት ለተማሪ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው የስም ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያዋ እገሊት፣ ሁለተኛዋ እገሊት እየተባለ። ተማሪው ስሙን ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ሴትዮዋ ጧት ተነሥታ ምን ትሠራ እንደ ነበር ግን አያውቅም። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሣራ ጆሴፊን ቤከር እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝኛ ያሳተመችውና አርእስቱ «ለሕይወት መታገል» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የሕይወት ታሪኳ ይህን ጉድለት በሚገባ ይሞላል። እንከን ግን አላጣም።

ቤከር የ16 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ በታይፎይድ ሞቱባት። በ1898 በኒውዮርክ ከሚገኝ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀች። በግሏ ማከም በጀመረችበት የመጀመሪያ ዓመት ያገኘችው ገቢ 185 ዶላር ብቻ ነበር። የከተማው የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ሆና የተቀጠረችው ገንዘብ ስላስፈለጋት ነው፤ ይህንን ሳትደብቅ መጻፏን ወድጄላታለሁ።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ስለ 1908 የበጋ ወራት የሚተርከው ነው። ቤከር 30 ነርሶች ይዛ በታችኛው ምሥራቅ ኒውዮርክ፣ ድኻ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሠፈር ሥራ ጀመረች። የአዲስ ሕፃናት ስም ከልደት መዝገብ እየተወሰደ ነርሷ ወዲያው ወደ ቤቱ ትሄዳለች፤ ጡት ማጥባትን፣ ገላ ማጠብን፣ መስኮት መክፈትን፣ በሙቀት ጊዜ ልጅን በጨርቅ አለመጠቅለልን ታስተምራለች። በዚያ ሠፈር የሞቱት ሕፃናት ካለፈው ዓመት በጋ በ1,200 አነሱ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ የተለወጠው ሐኪም የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ ሕፃኑ ከታመመ በኋላ መሆኑ ቀርቶ ሳይታመም ሆነ። በዚያው ዓመት የሕፃናት ጤና ክፍል ሲቋቋም ቤከር ኃላፊ ሆነች፤ በሥሯ የተመደቡ ስድስት ወንድ ሐኪሞች ግን ሴት አታዝዘንም ብለው ሊለቁ ተነሡ። እርሷም አንድ ወር ብቻ እንዲሞክሩ ለመነቻቸው፤ ሞክረውም ቀሩ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እናቶች ለሥራ ሲወጡ ሕፃናቱን የሚጠብቁት ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነ እኅቶቻቸው ነበሩ። ቤከር እነዚህን ልጃገረዶች «የትንንሽ እናቶች» ማኅበር አቋቁማ አሠለጠነቻቸው። በትምህርቱ ብዙ ሕፃናት እንደ ተጠቀሙ አልጠራጠርም። ነገር ግን ልጅቷ ለምን እናት ትሆናለች? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አጥብቆ አይጠይቅም። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ስትውል የቤት ሥራዋን ሳትሠራ የምትመጣ ተማሪ ያለችው መምህር ግን ሳይጠይቅ አያልፈውም።

ሁለተኛው ቅሬታ ይበልጥ ይከብዳል። በ1907 ሜሪ ማሎን የምትባል አየርላንዳዊት ወጥ ቤት፣ ራሷ ሳትታመም የታይፎይድን ጀርም ተሸክማ ለሌሎች ታስተላልፋለች ተብላ ስትፈለግ፣ ከፖሊሶች ጋር ሄዳ የያዘቻት ቤከር ናት። ሜሪ ስለ ታገለቻቸው ቤከር እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በአምቡላንሱ ውስጥ ላይዋ ላይ ተቀምጣ ወሰደቻት! አተራረኩ ፈገግ ያሰኛል፤ እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ሣቄ ጠፋ። ሜሪ በደሴት ላይ ታስራ በ1910 ተፈታች፤ ወጥ መሥራቷን ባለመተዋ በ1915 እንደገና ተይዛ በ1938 እስክትሞት ድረስ እዚያው ኖረች። ጀርሙን የሚሸከሙ ሌሎች ጤነኞች ተገኝተው ነበር፤ ያን ያህል ዘመን የተዘጋባቸው ግን አልነበሩም። ቤከር በኋላ ሜሪን እንደ ወደደቻት በአጭሩ ነግራን ታልፋለች። በታይፎይድ አባቷን ያጣች ሴት ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ዝምታዋ ግን አይገባኝም።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ምዕራፍ ለሴት ተማሪዎች አናንብብላቸው፣ አርአያቸውን ያበላሽባቸዋል ይለኛል። አልስማማም። ምዕራፉን ከቆረጥነው ያው የስም ዝርዝር ነው የሚቀረን። ይልቁንም ከእርሱ ጎን ስለ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጻፈችው ይነበብ። ዩኒቨርሲቲው ስለ ሕፃናት ጤና እንድታስተምር ሲጠይቃት፣ እኔንም ሌሎች ሴቶችንም በተማሪነት ካልተቀበላችሁ አላስተምርም አለች፤ ከብዙ እንቢታ በኋላ ተቀበሏት። ወንዶቹ ተማሪዎች በመጀመሪያው ትምህርቷ በጭብጨባ አፌዙባት። ቤከር በየዓመቱ እየተመለሰች ለአሥራ አምስት ዓመት አስተማረች፤ ጭብጨባውም በየዓመቱ አብሯት ቀጠለ።